ኪሎው የት ገባ? የቆሼ ሚዛንና የከፍታው ጉዳይ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ በሚጠራው የረጲ ቆሻሻ ማከማቻ ዙሪያ፣ የሰው ልፋት የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በኪሎ ነው። ለቃሚው ሲቆፍር የዋለበትን ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ቁርጥራጭ ብረት፣ አሉሚኒየምና መዳብ በየዓይነቱ ለይቶ በማዳበሪያ ይሞላና ለገዢው ያቀርባል። ገዢው ሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ ቁጥሩ ይነበባል፤ ለውሃና ለአፈር ተብሎ ትንሽ ይቀነሳል፤ የቀረው በዋጋው ይባዛል። ዕቃው ከዚያ በኋላ በጅምላ ሰብሳቢዎች እጅ አልፎ ገሚሱ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ገሚሱ ወደ ፕላስቲክ ፈጪዎች፣ ብረቱ ደግሞ በአቃቂና በዱከም መስመር ወዳሉት ማቅለጫዎች ይሄዳል። በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ አንድ ሚዛን ቆሟል።

በዚህ ገበያ ስለ ዋጋ የማይከራከር የለም። ስለ ሚዛን የሚነሳው ክርክር ግን ሁልጊዜ ስለ ሰው እጅ ነው። ጣት ተጫነ፣ ዜሮው ሳይስተካከል ተመዘነ፣ ማዳበሪያው ግድግዳ ተደግፎ ነበር ይባላል። እንዲህ ያለው ማጭበርበር ስላለ ክርክሩ ተገቢ ነው። ይሁንና ማንም ጣቱን ሳያሳርፍ፣ ሚዛኑም ሳይበላሽ፣ ከየኩንታሉ ላይ ከ190 እስከ 350 ግራም ሊጠፋ የሚችልበት ሌላ መንገድ አለ። ተጠያቂዎቹ የከተማዋ ከፍታና የሚዛኑ የትውልድ አገር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት በገበያው ላይ ያሉትን ሚዛኖች በሁለት መክፈል ይበቃል። አንደኛው ወገን አሮጌው ባስኩላና ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ነው። ይህ የሚያወዳድር ሚዛን ነው። በአንድ በኩል ዕቃው፣ በሌላ በኩል ልኩ የታወቀ የሚዛን ድንጋይ ይቀመጣል። የመሬት ስበት ቢደክም በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚደክም ውጤቱ አይለወጥም። ባስኩላ እንጦጦ ላይ ቢወጣም ሆነ ከባሕር ወለል በታች ዳሎል ቢወርድ አንድ ኪሎን አንድ ኪሎ ይላል።

ሁለተኛው ወገን ባለ ስፕሪንጉና ዛሬ በየመደብሩ የተሰለፈው ዲጂታል ሚዛን ነው። ይህኛው አያወዳድርም። የሚለካው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። በዲጂታሉ ሆድ ውስጥ ሎድ ሴል የሚሉት ብረት አለ። ጭነት ሲያርፍበት በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል፤ መጉበጡ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጣል፤ ሚዛኑም «ይህን ያህል መጉበጥ ይህን ያህል ኪሎ ነው» ተብሎ በፋብሪካ የተሰጠውን መልስ በስክሪኑ ላይ ያወጣል። ጥያቄው ታዲያ ፋብሪካው ይህን መልስ የሰጠው የት አገር ሆኖ ነው የሚለው ነው።

ስበት በሁሉም ቦታ አንድ አይደለምና። መሬት በወገቧ በኩል አበጥ ያለች፣ በዋልታዎቿ በኩል ጠፍጠፍ ያለች ከመሆኗም ሌላ በዛቢያዋ ላይ ስለምትሽከረከር፣ የስበት ጉልበት በምድር ወገብ ላይ ያንሳል፤ ወደ ዋልታ ሲሄዱ ይጨምራል። በሳይንሱ መለኪያ ቁጥሩ በምድር ወገብ ባሕር ዳርቻ 9.78፣ በዋልታ ደግሞ 9.83 አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ ከፍታ ሲታከልበት፣ ማለትም ከምድር መሃል ርቆ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር፣ ስበቱ ይደክማል። አዲስ አበባ ሁለቱንም ሰብስባ የያዘች ከተማ ናት። ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ብቻ ትርቃለች፤ በዚያ ላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በዚህም ምክንያት የአዲስ አበባ ስበት ወደ 9.775 ዝቅ ይላል። ለማነጻጸር ያህል የሻንጋይ ወደ 9.794፣ የጀርመን ከተሞች ወደ 9.81 ነው። ዓለም አቀፉ የሚዛንና የመለኪያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1901 መደበኛ ብሎ ያጸደቀው ቁጥር ደግሞ 9.80665 ነው።

ይህ ዛሬ የተገኘ ምስጢር አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ዣን ሪሼ እ.ኤ.አ. በ1672 ከፓሪስ ይዞት የሄደው ባለ ፔንዱለም ሰዓት በደቡብ አሜሪካ ካየን፣ በምድር ወገብ አጠገብ፣ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ እየቀረ አስቸግሮት ነበር። ሰዓቱ አልተበላሸም፤ ቦታው ተለወጠ እንጂ። ከቻይና ተጭኖ ጂቡቲ የሚወርደው፣ ከዚያም ተራራውን ወጥቶ መርካቶ የሚደርሰው ዲጂታል ሚዛን ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ሂሳቡ ይሠራ። በሻንጋይ አካባቢ ስበት ተስተካክሎ የወጣ ሚዛን፣ ማንም ሳይነካው ቆሼ መንደር ላይ ቢቆም፣ በ100 ኪሎ ላይ 190 ግራም ያህል አሳንሶ ያነባል። በመደበኛው ቁጥር የተስተካከለው 320 ግራም ያህል ያሳንሳል። ከጀርመን የመጣው እስከ 350 ግራም ይደርሳል። ሦስቱም የሚስቱት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ማሳነስ ነው። ለነጋዴ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። የሰው እጅ ስህተት አንድ ቀን ወዲህ፣ አንድ ቀን ወዲያ ይላል፤ በዓመቱ መጨረሻ የተወሰነው ይቻቻላል። የስበት ስህተት ግን ሁልጊዜ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ብቻ ነው የሚሄደው።

ከማን ኪስ ወደ ማን ኪስ? ሚዛኑ ሲያሳንስ የሚጎዳው በተነበበው ኪሎ ልክ ገንዘብ የሚቀበለው ወገን ነው። በፍራፍሬ መሸጫ ይህ ባለ ሱቁ ነው። ለገዢው አንድ ኪሎ ብሎ የሚሰጠው ብርቱካን በእውነቱ ከአንድ ኪሎ ሁለት ሦስት ግራም ይበልጣል፤ ከተሜው ሳያውቀው ተመርቆለታል ማለት ነው። በቆሼ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሚዛኑ የገዢው ነው፤ የሚከፈለው ሻጩ ነው። ለቃሚው ያመጣው 100 ኪሎ ብረት ስክሪኑ ላይ 99 ኪሎ ከ700 ይሆናል፤ የሚከፈለውም በዚያው ልክ ነው። ገዢው ይህን ላያውቅ ይችላል፤ አብዛኛውም አያውቅም ቢባል ስህተት አይሆንም። ባያውቅም ትርፉ የእርሱ ነው።

ትርፉ እውነት መሆኑ የሚታየው ብረቱ ሲሸጥ ነው። በትልልቅ ፋብሪካዎች በር ላይ የሚገኘው የመኪና ሚዛን መሬት ላይ ከተተከለ በኋላ እዚያው ቦታው ላይ፣ ልኩ በታወቀ ክብደት ካልተስተካከለ በቀር ሥራ አይጀምርም። ስለዚህ ስበቱ ምንም ይሁን ምን ትክክለኛውን ያነባል። የፋብሪካ ማስተካከያው ይዞት የሚመጣው፣ ከካርቶኑ ወጥቶ ሶኬት ላይ ተሰክቶ በዚያው ቀን ሥራ የሚጀምረው ትንሹ ሚዛን ነው። በትንሹ ገዝቶ በትልቁ የሚሸጥ ነጋዴ 10 ቶን ብሎ የጫነው ብረት ማቅለጫው በር ላይ ሲደርስ 20 ወይም 30 ኪሎ ጨምሮ ያገኘዋል። ብረት መንገድ ላይ እንደማይወልድ የታወቀ ነው። በአንጻሩ በአሮጌው ባስኩላ ገዝቶ፣ ባልተስተካከለ ዲጂታል ለሚረከብ ሌላ ነጋዴ የሚሸጥ ሰው ያንኑ ያህል ይጎድልበታል፤ ጉድለቱንም በሾፌሩና በረዳቱ ላይ ያሳብባል።

«ሦስት ግራም ምን ዋጋ አላት?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ስህተቱን ከዕቃው ዋጋ ጋር ካወዳደሩት በእርግጥ ኢምንት ነው። ነገር ግን ነጋዴ የሚኖረው በዋጋው ሳይሆን በልዩነቱ ነው። ለስሌት እንዲቀል ብረት በኪሎ 50 ብር ይገዛ፣ በ52 ብር ይሸጥ እንበል። ከ50 ብር ላይ 0.3 በመቶ ማለት 15 ሳንቲም ነው። ከሁለት ብሩ ትርፍ ላይ ሲሰላ ግን 7 ከመቶ ተኩል ይሆናል። በዚህ መሃል በኪሎ 25 ሳንቲም ኮሚሽን ይዞ የሚያገናኝ ደላላ ካለ፣ ሚዛኑ ምንም ሳይናገርና ስልክ ሳይደውል የደላላውን ገቢ ከግማሽ በላይ ያገኛል ማለት ነው። በሳምንት 10 ቶን የሚያነሳ ሰብሳቢ በዚሁ ሂሳብ 1,500 ብር፣ በዓመት ወደ 78 ሺህ ብር ይለዋወጥበታል። በቀን 30 ኪሎ የሚያወርድ ለቃሚ ደግሞ 4 ብር ከ50 ሳንቲም ያጣል። ለመዳብ ሲሆን ቁጥሩ በዋጋው ልክ ይበዛል።

ስህተቱ በሕግ ዓይንም ኢምንት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት ለንግድ ሚዛኖች ባስቀመጠው ደንብ መሠረት፣ በየ10 ግራም የሚያነብና እስከ 30 ኪሎ የሚችል የሱቅ ሚዛን፣ 20 ኪሎ ሲጫንበት የሚፈቀድለት ስህተት አዲስ ሲመረመር 10 ግራም፣ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ 20 ግራም ብቻ ነው። ከላይ በተሠራው ሂሳብ ስበት ብቻውን በ20 ኪሎ ላይ ከ40 እስከ 70 ግራም ገደማ ያሳንሳል። በሌላ አባባል፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነ አዲስ ሚዛን አዲስ አበባ ስለገባ ብቻ ፈተናውን ይወድቃል።

በዚህ ላይ በገበያው የተለመዱ ሁለት ማረጋገጫዎች ሁለቱም ከንቱ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። የመጀመሪያው «ሁለቱም ሚዛን አንድ ዓይነት አነበበ» የሚለው ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ኮንቴይነር የመጡ ሁለት ሚዛኖች በአንድ ልክ ስለሚስቱ መስማማታቸው ምንም አያስረዳም። ሁለት ሐሰተኛ ምስክሮች ቃላቸው ቢገጥም ቃላቸው እውነት አይሆንም። ሁለተኛው «የፋብሪካው ማኅተም አልተነካም» የሚለው ነው። ነጋዴው ይህን የሚናገረው እንደ ዋስትና ነው። ነገር ግን አምራቹ ለአዲስ አበባ ብሎ ለይቶ ያስተካከለው ካልሆነ በቀር፣ ያልተነካው ማኅተም የሚመሰክረው ሚዛኑ እስካሁን በቻይና ስበት እየመዘነ መሆኑን ነው። ማኅተሙ የሰውን እጅ ይከለክል ይሆናል፤ ስበትን አይከለክልም።

በአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ የሚፈትኑም አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ውሃው ግን ለዚህ ሥራ አይበቃም። ውሃ ለብ ሲል ሊትሩ ከኪሎ ሁለት ሦስት ግራም ያንሳል፤ የጠርሙሱ አሞላልና የፕላስቲኩ ክብደት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይለያያል። የሚፈለገው ስህተት ሦስት ግራም ሆኖ ሳለ፣ መፈተኛው ራሱ ከሦስት ግራም በላይ የሚዋዥቅ ከሆነ ፈተናው ፈተና አይባልም።

ነገሩ ከቆሼ ውጭም ይሠራል። በመጋዘን ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ጉዳይ በሌላ ስሙ ያውቁታል፤ ጉድለት ይሉታል። ስኳር ወይም ጥራጥሬ በመኪና ሚዛን ተመዝኖ ይገባል፤ በዲጂታል ሚዛን ተከፋፍሎ ይወጣል። 500 ኩንታል ተብሎ የወጣው በእውነቱ 501 ወይም 501 ተኩል ኩንታል ነው። በቆጠራ ጊዜ አንድ ኩንታል ከምናምን ይጎድላል። «ድርቀት ነው» ይባላል፣ «አይጥ ነው» ይባላል፤ በመጨረሻ ከመጋዘን ጠባቂው ደመወዝ ላይ ይቆረጣል። ከየካዝናው በዚህ መልክ የተመለሰው ገንዘብ ስንቱ ከሌባ፣ ስንቱ ከስበት እንደሆነ የሚያጣራ ሒሳብ መርማሪ እስከ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል፤ የኦዲት ቅጹ ላይ ከፍታ የሚል ዓምድ የለምና።

በአገር ውስጥ ከቦታ ቦታ ያለው ልዩነት ግን መጋነን የለበትም። ከቆሼ እንጦጦ አናት፣ ወይም ከቆሼ አዳማ ያለው ልዩነት በኩንታል 20 ግራም ገደማ ነው፤ ለቁርጥራጭ ብረት የሚያስጨንቅ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በትክክል የተስተካከለ ሚዛን በከተማዋ ከዳር እስከ ዳር ያገለግላል። ጂቡቲ ወደብ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ በኩንታል ከ70 እስከ 80 ግራም ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለው ሚዛን እዚያ አብልጦ ያነባል። ወርቅ ለሚነግዱ ደግሞ ትንሹም ትልቅ ነው። አሶሳ ላይ በኪስ ሚዛን 500 ግራም ተብሎ የተመዘነ ወርቅ፣ ያው ሚዛን ሳይስተካከል አዲስ አበባ ላይ ቢያነበው 100 ሚሊግራም ያህል ጎድሎ ይታያል። ወርቁ ግን አልተነካም። በአምጪና በተቀባይ መካከል «አንተ ፋቅኸው፣ አልፋቅሁም» የሚል ጠብ ለማስነሳት ይህን ያህል ይበቃል።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት እንደያዘው ማየት ይጠቅማል። ጃፓን ከሰሜን እስከ ደቡብ በስበት ቀጣና የተከፋፈለች ናት። ከሆካይዶ እስከ ኦኪናዋ ያለው ልዩነት በመቶ ሲሰላ 0.14 ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የሰው ክብደት የሚለካው የቤት ሚዛን እንኳ ገዢው የሚኖርበትን ክልል የሚመርጥበት ማስተካከያ ተገጥሞለት ይሸጣል። በአውሮፓም የንግድ ሚዛን የሚያገለግልበት የስበት ቀጣና ተለይቶ ይታወቃል። አዲስ አበባና ሚዛኖቿ የመጡባቸው አገሮች የሚለያዩበት መጠን ከጃፓኑ ይበልጣል። በዚህ አገር ግን ሚዛን ሲገዛ የሚጠየቀው ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው።

ቁጥሩ ጠፍቶ አይደለም። አራት ኪሎ በሚገኘው በዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የሠሩት ፒየር ጉዋንና ፖል ሞር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ እየተዘዋወሩ ስበት ለክተው ውጤቱን አሳትመዋል። ዓላማቸው የስምጥ ሸለቆን ሥረ መሠረት ማወቅ እንጂ የብረት ነጋዴን ማገዝ አልነበረም። ይሁን እንጂ ለሚዛን የሚያስፈልገው ቁጥር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አገር ውስጥ አለ። አገሪቱ ሜትሪክ ሥርዓትን በሕግ የተቀበለችውም በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ተቋማት ሲከፈል የሥነ ልክ ሥራ ራሱን ለቻለ ኢንስቲትዩት ተሰጥቷል። ኪሎውም፣ የኪሎው ጠባቂም፣ የስበቱ ቁጥርም አለ። የጎደለው ሦስቱ ሚዛኑ ከሚሸጥበት ሱቅ ጋር የሚገናኙበት መንገድ ነው።

መፍትሔው ቀላልም ርካሽም መሆኑ ነው የሚያስቆጨው። ሚዛን ሥራ ላይ በሚውልበት ቦታ፣ ልኩ በተረጋገጠ የብረት ክብደት አንድ ጊዜ ከተስተካከለ የስበት ጉዳይ ያበቃል። የፊዚክስ ዕውቀት አይጠይቅም። 20 ኪሎ የሆነ ብረት ይቀመጣል፤ ሚዛኑ «ይህ 20 ነው» ተብሎ ይነገረዋል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አበቤ ሆነ ማለት ነው። ተቆጣጣሪ የሚዛን ድንጋዩን ይዞ ወደ መደብሩ ሲመጣም ስለ ስበት ምንም ሳያውቅ ስህተቱን ይይዘዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ መመሪያ ሳይሆን መምጣቱ ነው። በበዓል ሰሞን ሥጋ ቤትና ቅቤ ተራ ላይ የሚደረገው ዘመቻ ጥሩ ሆኖ፣ ዓመቱን ሙሉ ሰው በኪሎ የሚኖርበት የቁርጥራጭ ገበያ ግን የተቆጣጣሪ እግር የሚበዛበት ቦታ አይደለም።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት አስመጪው ነው። ሚዛኑን ሳይሸጥ በፊት በከተማዋ ስበት የሚያስተካክል አስመጪ የለም ማለት አይደለም። ሥራው ግን በፈቃድ የተተወ ሊሆን አይገባም። አንድ ኮንቴይነር ሚዛን በአንድ መጋዘን ውስጥ በአንድ ጥንድ ክብደት ማስተካከል፣ በኋላ በሺህ መደብር ውስጥ እየዞሩ ከማስተካከል ጋር ሲነጻጸር ወጪው የትየለሌ ያንሳል። አንዳንድ የጃፓንና የኮሪያ አምራቾች የስበት ቁጥሩን ብቻ በማስገባት የሚስተካከል ሚዛን ይሠራሉ፤ ትእዛዙ ሲላክ ለአዲስ አበባ ተብሎ ቢጻፍ ፋብሪካው አስተካክሎ ሊልክ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው በማዘዣው ላይ አንድ መስመር ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። በቆሼ ገዢው ለአፈርና ለውሃ ብሎ በዓይን ግምት ከየማዳበሪያው ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴም ሙሉ ኪሎ በሚቀንስበት ገበያ የስበት ግራም መቁጠር ቅንጦት ነው ይባላል። በመጠኑ ልክ ነው። ግን ሁለቱ አይመሳሰሉም። የአፈሩ ቅናሽ ፊት ለፊት ይባላል፤ ሻጩ ሊከራከርበት፣ ማዳበሪያውን ሊያራግፍ፣ ወደ ሌላ ገዢ ሊሄድ ይችላል። ስክሪኑ ላይ ከወጣው ቁጥር ጋር የሚከራከር የለም። ወደ ጎረቤቱ መደብር ቢሄድም ያው ሚዛን ነው የሚጠብቀው። ውድድር ዋጋን ያስተካክላል የሚለው የኢኮኖሚክስ ትምህርት የሚሠራው ተወዳዳሪዎቹ በእውነተኛ ኪሎ ሲወዳደሩ ነው። ሁሉም ገዢ በአንድ ልክ በሚያሳንስ ሚዛን ሲገዛ ለቃሚው የሚመርጠው ነገር የለውም።

ቆሼ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር አልፎበታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹም በዚያው ክምር ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ይገኙበታል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደው የረጲ የኃይል ማመንጫ እዚያው ተመርቋል። ያን የመሰለ ጣቢያ ሲተከል ቆሻሻ የሚያራግፈው መኪና እንኳ በትክክል ይመዘን ዘንድ ሚዛኑ በቦታው ላይ ይስተካከላል፤ በ1,400 ቶን ላይ 0.2 በመቶ መሳሳት ወደ 3 ቶን ስለሚሆን መሐንዲስ አያልፈውም። ከመኪናው ላይ ተለቅሞ በማዳበሪያ የሚወጣው ብረት ግን እንደ መጣ በሚያነብ ሚዛን ይመዘናል።

በአካባቢው ያሉ ገዢዎች ተዋጥተው አንድ የተረጋገጠ ባለ 20 ኪሎ ክብደት ቢያስቀምጡ፣ ለቃሚዎቹም ሲጠራጠሩ ወስደው እንዲፈትኑበት ቢፈቅዱ፣ ወጪው ለአንድ ሰው ሲካፈል ከባድ አይሆንም። የሚጠቀሙት ለቃሚዎቹ ብቻ አይደሉም። ማቅለጫው በር ላይ የሚጨምረውም ሆነ የሚጎድለው 30 ኪሎ ሁልጊዜ የሚያጣላው ሰብሳቢውንና ሾፌሩን ነውና።

በዚህ ሳምንት ሚዛን ለመግዛት መርካቶ የሚወርድ ሰው ካለ፣ ከመክፈሉ በፊት ባለ 20 ኪሎ የተረጋገጠ ክብደት እንዲጫንለት ይጠይቅ። ስክሪኑ 20.00 ካለ መልካም። 19.96 ካለ ሚዛኑ ገና ሻንጋይ ነው፤ 19.94 ወይም 19.93 ካለ ከዚያም ሩቅ ነው። ሻጩ እዚያው ያስተካክልለት፤ ክብደት የለኝም ካለም የማስተካከያውን ሂሳብ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ።